አፈሙዝ በፖስታ፣ አፈሙዝ በቶርኖ

ከስኔልቪል፣ አትላንታ

ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ስጽፍ የምታውቁኝ ሰው ዛሬ ስለ ሽጉጥ አፈሙዝ ልጽፍ ተነስቻለሁና «ምን ነካው?» እንዳትሉኝ አደራ። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ስኔልቪል ውስጥ፣ በአንድ ወዳጄ ቤት የኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ስንጠጣ ነው። መጨረሻው ግን ደምቢያ ይወስደናልና ትንሽ ታገሡኝ።

ስኔልቪል ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ፣ በሀይዌይ 78 ስቶን ማውንቴንን አልፎ በግዊኔት ካውንቲ የምትገኝ ከተማ ናት። መፈክሯ በእኛ አማርኛ «ስኔልቪል ውስጥ ሁሉም ሰው፣ ሰው ነው» እንደ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው እንደ ቀልድ አይቼው ነበር፤ ከአገሬ ወጥቼ የመጣሁት ሰው መሆኔ የተረሳበት ዘመን ላይ ነበርና ዋል አደር ብሎ ግን ልቤን ነካኝ። ክላርክስተን አፓርታማ ውስጥ በስደት ሀ ብሎ የጀመረው ወገናችን ልጅ ሲያድግለትና ቤት መግዛት ሲቃጣው ቀስ በቀስ ወደዚህ ወደ ሊልበርንና ወደ ስኔልቪል አቅጣጫ ወጣ። ወዳጄም እንደዚያው ነው። ጋዝ ስቴሽን አለው፣ ሌሊቱን ራሱ ያድራል። ሌሊት ካሸር ላይ የሚቆም ሰው ምን እንደሚያይ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚህም ከተማ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ለጥቂት ዶላር ሲባል በዘራፊ ጥይት የወደቁ ወገኖቻችንን ቀብረናል፤ ለአስከሬን መላኪያ ገንዘብ አዋጥተናል።

የዚያን እሑድ ወዳጄ ከመኝታ ቤቱ የተቆለፈ ሳጥን ይዞ መጣ። ከፍቶ ሽጉጡን አወጣ፣ ካዝናውን ነቀለ፣ ባዶ መሆኑን ለእኔም ለራሱም ሁለት ጊዜ አሳየ። ግሎክ ነው። ጎኑ ላይ 40 የሚል ተጽፎበታል። «አሁን ግን ዘጠኝ ነው የሚተኩሰው» አለኝ፣ አዲስ መጫወቻ እንደተገዛለት ልጅ ፈገግ ብሎ። አዲሱን አፈሙዝ በኢንተርኔት አዝዞ ፖስተኛው በሩ ላይ አስቀምጦለት ሄዷል። ዋጋው መቶ ምናምን ዶላር። ቅጽ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ጠያቂ የለ።

ለመሆኑ ሰው የደህና ሽጉጡን አፈሙዝ ለምን ይቀይራል? እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅሁት፤ መልሱ ትንሽ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ማያሚ ላይ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት ባልደረቦቻቸው ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ላይ በ9 ሚሊሜትር ጥይት ተመትቶ ነበር፤ ጥይቱ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመና ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። መሥሪያ ቤቱም ጥፋቱን በጥይቱ ላይ ጥሎ ተለቅ ያለ ጥይት ፍለጋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 «ፎርቲ» የሚባለው፣ አረሩ አሥር ሚሊሜትር ያህል የሚሰፋው ጥይት ገበያ ላይ ዋለ፤ በየከተማው ያለ ፖሊስ እየተሽቀዳደመ ገዛው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ያው ኤፍ.ቢ.አይ. እንደገና መረመረና፣ በዘመኑ አሠራር የሚመረተው ዘጠኝ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ክንድ ላይም ይቀላል፣ ካዝናውም የበለጠ ይጎርሳል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ዘጠኝ የሚመለስበትን ውል ፈረመ። ውሉን ያገኘው ግሎክ ነው፤ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እዚሁ አትላንታ ጥግ ስሚርና ላይ ነው። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎችም ተከተሉ። ያኔ ያ ሁሉ የፎርቲ ሽጉጥ እንደ አሮጌ ታክሲ በርካሽ ገበያው ላይ ፈሰሰ።

ወዳጄ የገዛው ከእነዚህ አንዱን ነው። ሽጉጡ ርካሽ፣ ጥይቱ ግን ከዘጠኙ የሚወደድ። ሰውየው በወር አንዴ ተኩስ መለማመጃ ቦታ የሚሄድ፣ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ የጥይቱ ዋጋ አስጨነቀው። ስለዚህ ውጪው በፎርቲው ልክ የወፈረ፣ ውስጡ ግን ለዘጠኝ የተበጀ አፈሙዝ ገዛ። እንዲህ ያለው ለውጥ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ነው እንጂ ከጠባቡ ወደ ሰፊው አይሆንም፤ የፎርቲ ቀለህ ከዘጠኙ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ ለዘጠኝ የተሠራው ሽጉጥ ሊያቅፈው አይችልም። ለዘጠኙ የሚሆን ካዝና ለብቻው ገዝቷል። ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው ብረት በፎርቲ ልክ የተሠራ ስለሆነም አልፎ አልፎ እንደሚነክስበት አልደበቀኝም። ለመለማመጃ ይሁን፤ የክፉ ቀን መሣሪያ ግን ከፋብሪካው እንደወጣ ቢሆን ይሻላል ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ያሰጋኝ። ጎኑ ላይ 40 ተብሎ የተጻፈበት፣ የሚተኩሰው ግን 9 የሆነ መሣሪያ ባለቤቱ ቢሞት፣ ወይም ልጁ ሳጥኑን ቢያገኘው፣ የሚያነሳው ሰው ምን ያውቃል?

ይህን ስለው ሳቀና «እኛ አገር እኮ ተገላቢጦሽ ነው» አለ። «በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ብልጽግና ሲባል ጎኑ ላይ የተጻፈው ተፋቀ፣ አፈሙዙ ግን ያው!» ሳቅን። ሁለተኛው ቡናም ደረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ወገን ሲሳሳት አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ እንደ «መሣሪያ» የሚቆጥረው ቁጥር የታተመበትን የሽጉጡን አካል ነው። አፈሙዙ፣ ሞላው፣ ካዝናው እንደ መኪና መለዋወጫ ናቸው። አካሉን ከነጋዴ ለመግዛት ግን ቅጽ ይሞላል፣ መታወቂያ ይታያል፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ስም በኮምፒውተር ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ እጃችሁን እንዳታስገቡ፤ የመሣሪያ ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከዚህ አገር ሊያስባርር ይችላል። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የማውጣትን ግዴታ ስላነሳች «እዚህ ሁሉም ይቻላል» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ ይነዛል። ያ የሚሠራው መያዝ በሕግ ለተፈቀደለት ሰው ነው።

ይህን ስጽፍ የአሜሪካን ሥርዓት ላወድስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ከእኛ ብዙም በማይርቀው ዊንደር ከተማ፣ አፓላቺ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው የተባለ ተኳሽ ሁለት ተማሪዎችንና ሁለት መምህራንን ገደለ። በዚያ ቀን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ልናመጣ የተሯሯጥን ወላጆች የአሜሪካን የመሣሪያ ነፃነት ሌላኛውን ፊት አይተነዋል። እዚህ አንድ ያለ ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው፦ ወዳጄ ሽጉጡን ሲገዛ ከማን እንደገዛ ተመዝግቧል፣ አፈሙዙን የሠራው ፋብሪካ ስሙን አትሞበታል፣ ቢፈነዳ የሚከሰስ አለ፣ ሌሊት ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ቢደውል የሚመጣ ፖሊስ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ነው ሽጉጡ የተጨመረው።

እውነቱን ልናገርና፣ ወዳጄ ስለ አፈሙዙ ሲያወራ እኔ ልቤ ከእሱ ጋር አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን የሚያብረቀርቅ ብረት እያየሁ የማስበው ስለ አክስቴ ልጅ ነበር።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው የደወለልኝ። ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፤ ብዙዎቻችን የስደት ዘመን አበቃ ብለን ሻንጣ ያሰናዳንበት ወቅት ነው። «ጋሼ፣ አንዱ በሬ ሞተብኝ፤ ክረምት ሳይገባ ካልተካሁ ማሳው ጦም ማደሩ ነው» አለኝ። የአክስቴን ውለታ የማልረሳ ሰው ነኝ፤ ጎንደር ከተማ ስማር ስንቅ በጀርባዋ ተሸክማ የመጣችልኝ እሷ ናት። 600 ዶላር ላክሁ። በጊዜው ምንዛሪ ከ16,000 ብር በላይ ነው። በሳምንቱ ደውሎ መርቆ መርቆ አመሰገነኝ። በሬው ቀይ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከጓደኛው ጋር ወዲያው ተላመደ አለኝ።

በሬ አልተገዛም። በገንዘቡ የተገዛው የቱርክ ሽጉጥ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እጁን ተጎዳ ሲባል «መጥረቢያ አድጦት ነው» ተባልሁ፣ እኔም አመንሁ። የማላምንበት ምን ምክንያት ነበረኝ? ባለፈው ዓመት አክስቴ በስልክ እያለቀሰች አወጣችው። ሌሊት በሬ ሊነዱ የመጡ ሌቦች በረቱን ሲከፍቱ ሰምቶ ወጣ። ወደ ሰማይ ተኮሰ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው እጁ ላይ ፈነዳ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፣ አንድ ዓይኑም በጭላንጭል ነው የሚያየው። ሌቦቹ ያቺን አንዲት የቀረች በሬ ነድተው ሄዱ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ደግሞ ከቁስሉ በፊት የተጠየቀው የሽጉጡ ፈቃድ ነው፤ ለዚህ ነው መጥረቢያ የተፈጠረችው።

ይህ የቱርክ ሽጉጥ የሚባለው ምንድን ነው? አብዛኛው አገር ቤት ያለ ሰው የቱርክ ፋብሪካ የሠራው እውነተኛ ሽጉጥ ይመስለዋል። እንደዚያ ያለውም አለ። በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ግን ሲሠራ ጥይት እንዲተኩስ የታሰበ አይደለም። ለሠርግ፣ ለአዲስ ዓመት፣ ለማስፈራሪያ፣ ድምፅና ጭስ ብቻ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ ቱርኮቹ «ኩሩ ስኪ» ይሉታል። ቱርክ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2008 ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ለብቻው ሕግ አውጥታለታለች። መልኩ ግን ቁርጥ እውነተኛውን ነው። ይህ ዕቃ በርካሽ ይገዛል፣ በኮንትሮባንድ በሱዳን በኩል መተማን ይሻገራል፣ ወይም በሌላ በር ይገባል፤ በመንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ የብረት በርና የጋሪ ጎማ በሚሠራ ቶርኖ ቤት ውስጥ፣ አፈሙዙ ይሰረሰራል ወይም ይቀየራል። ከዚያ ወዲያ «ሽጉጥ» ተብሎ ይሸጣል። አውሮፓ ውስጥም ይኸው ንግድ ፖሊስን ሲያስቸግር የኖረ ነው፤ ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጄኔቫ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ላይ ጥናት አውጥቷል።

አሁን እዚህ ላይ የወዳጄን አፈሙዝና የአክስቴን ልጅ አፈሙዝ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጋዝ ስቴሽን የምትሠሩ ወገኖቼ ነገሩ በቶሎ ይገባችኋል። የመኪና ጎማ የምትነፉበት መለኪያ 35 ሲል ታቆማላችሁ አይደል? የ9 ሚሊሜትር ጥይት ሲተኮስ በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በዚያው መለኪያ እስከ 35,000 ይደርሳል። አንድ ሺህ የመኪና ጎማ ማለት ነው፣ በአንድ ጣት በምታህል ጉድጓድ ውስጥ። የወዳጄ አፈሙዝ ይህንን እንዲችል ተብሎ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። የድምፅ ሽጉጡ አካል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ተቀድቶ የተሠራ ነው፤ የልጆች መጫወቻ መኪናና የቧንቧ እጄታ የሚቀዳበት ዓይነት ቅይጥ። አንዱን ይችላል፣ ሁለተኛውን ይችላል። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሆን የአክስቴ ልጅ ያውቃል። ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ብረት መሰርሰር ነው የሚያውቀው፣ ሰረሰረ። ስሙን ግን አላተመበትም።

«ድሮስ ገበሬ ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። የእኛ አገር ሰውና መሣሪያ ግን የቆየ ነገር አላቸው፤ እንዲያውም የጥይት ልክ አለመግጠም የኖርንበት ጣጣ ነው። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ፣ ማንሊከር ምንሽር ሆኖ፣ ስናድሩ፣ አልቤኑ፣ ሞዘሩ በየቤቱ ሲገባ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልግ ነበር። የአድዋ ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. የዘመተው በአንድ ዓይነት ጠመንጃ አልነበረም። የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ የሆነበት ዘመን ነበር፤ የብር መመንዘሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን ጠመንጃውን ከነጥይቱ ልክ ያውቁት ነበር። የዛሬው ገበሬ የሚገዛው የምን ልክ እንደሆነ ያልታወቀ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውም የማይታመን ነገር ነው።

ለምን ይገዛዋል ታዲያ? ደህናው ስለማይደረስበት ነው። ሕጋዊው ደግሞ ለሱ አይሰጥም።

በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሲገባ በገጠሩ የነበረውን መሣሪያ ለቀማ የማስታውስ ሰው ነኝ። ከአንዱ ቤት ይወሰዳል፣ ለቀበሌው ታጣቂ ይሰጣል። ያው ጠመንጃ አጥር ተሻግሮ ተመልሶ በባለቤቱ ላይ ሲዞር ያየ ገበሬ «አስረክብ» የሚለውን ቃል ምን ብሎ እንደሚሰማው አስቡት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በተሞከረበት ሌሊትና ከዚያ በኋላ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ መሣሪያ የመያዝ ጉዳይ ፖለቲካ ሆነ፤ የገበያውም ዋጋ አብሮ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አወጣ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ በወረቀትነቱ የሚናቅ አይደለም፣ ፈቃድ ይሰጥ፣ ይመዝገብ፣ ያለ ፈቃድ ይቅጣ ይላል። አዋጁ በወጣ በዓመቱ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ መንግሥት ራሱ ታጣቂ ፍለጋ በየመንደሩ «መሣሪያ ያለህ ውጣ» ይል ጀመር። ትናንት መሣሪያህን አስመዝግብ የተባለው ሰው ዛሬ ይዘህ ዝመት ተባለ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ተባለ፣ ያው የዘመተው ሰው ደግሞ አስረክብ ተባለ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል የፈሰሰውን ደም እያንዳንዳችን በየቤታችን ለቅሶ ተቀምጠንበታል።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ በዚህ ሁሉ መካከል ያለ፣ ሁለት በሬ ያለው ሰው ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ካስረከብሁ በኋላ ሌሊት በረቴን የሚከፍተውን ማን ይመልስልኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው መንግሥት እስካሁን አላየሁም። መልስ የሌለው መንግሥት የሚያወጣው የመሣሪያ አዋጅ ደግሞ የቶርኖ ቤቱን ገበያ ያደራል እንጂ አይዘጋውም። ሕጋዊ ጠመንጃ ያለው ይመዘገባል፣ የተመዘገበው ይሰበሰብበታል፣ የተሰበሰበበት የቱርክ ይገዛል። በመንግሥት ቴሌቪዥን በየጊዜው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚባለው የሽጉጥ ክምር የሚታየኝ እንደ ፖሊስ ድል ሳይሆን እንደ ድምፅ መስጫ ኮሮጆ ነው። እያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ «አላምንህም» የሚል ወረቀት ነው።

መንግሥትን መውቀስ ለእኛ የለመድነው ነው፤ አይከብደንም። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው።

ያን እሑድ የአክስቴን ልጅ ታሪክ ለወዳጄ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የግሎኩን አፈሙዝ አንስቶ በብርሃን ላይ አየውና «ታዲያ ለልጁ እንዲህ ያለ ደህና አፈሙዝ በሻንጣ ብንልክለትስ? እንደሆነ ቅጽ የለውም» አለኝ። በየዋህነት ነው ያለው፤ ክፋት የለበትም። ሰውየው ለወገኑ ኩላሊቱን የሚሰጥ ነው። እኔ ግን ደነገጥሁ፣ ምክንያቱም ይህን ሐሳብ ያሰበ እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ አይገጥምም። የአንዱ ሽጉጥ አፈሙዝ ለሌላው አይሆንም፤ ቢሆን እንኳ የዚንኩ አካል ያው ዚንክ ነው፣ የጠነከረ አፈሙዝ ማስገባት የሚፈነዳውን ቦታ ወደ ፊት መቅረብ ነው። ደግሞም እዚህ ስኔልቪል ቅጽ የሌለው አፈሙዝ አትላንታ ኤርፖርት ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል፤ የጦር መሣሪያ ክፍል ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ከባድ ወንጀል ነው፣ በሻንጣም በካርጎም። ቦሌ ላይ የሚጠብቀውን ደግሞ ማንም ያውቃል፤ ተቀባዩ የአክስቴ ልጅ አይሆንም፣ «የሽብር ፈጣሪ ግንኙነት» የሚል ፋይል ነው። ይህን ሁሉ ነገርሁት። እሱም «እሺ፣ ገንዘብስ?» አለኝ። እዚያ ላይ ቡናው ቀዘቀዘ።

ገንዘብማ ልኬያለሁ። የፈነዳው ሽጉጥ የተገዛው በእኔ ዶላር ነው። በሬ መስሎኝ ነበር እላለሁ፤ እውነት ነው። ግን በዚያን ሰሞን እኔ ራሴ በየስብሰባው ምን ስናገር ነበር? አክስቴ ልጅ እንደሚሰማኝ እያወቅሁ በስልክ «ወንድ ልጅ ባዶ እጁን አይቀመጥም» ያልኩት እኔ አይደለሁም? እሱ የሰማው ይህንን ነው። በፓልቶክ ዘመን ሌሊቱን ሙሉ ስም ደብቀን የምንፎክርበትን ክፍል ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ያው ፉከራ በቲክቶክ ሆኗል፣ ስጦታም ይወረወርበታል። ፎካሪው ስኔልቪል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቶሮንቶ ነው። ፎክሮ ሲጨርስ በር ቆልፎ ይተኛል፤ ሌሊት ቢሰበርበት ኢንሹራንስ አለው። ጣቱ የሚቆረጠው ደምቢያ ያለው ነው።

ይህን ስጽፍ «ሕዝቡ ይታረድ እያልክ ነው» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አላልሁም። ራሱን የሚከላከል ገበሬ ላይ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ ልፈርድ የምችል ሰው አይደለሁም። የምለው ግልጽ ነው፦ ከዚህ የሚላክ ዶላር ምን እንደሚገዛ የመጠየቅ ግዴታ አለብን። «ለትግሉ» ተብሎ በየአዳራሹ ስናዋጣ ደረሰኝ የማንጠይቅ ሰዎች፣ የመቶ ዶላር አፈሙዝ ስንገዛ ግን የፋብሪካውን ስም፣ የደንበኞችን አስተያየት፣ የመመለሻውን ቀን እናነባለን። ወዳጄ ያንን አፈሙዝ ከማዘዙ በፊት ሦስት ሳምንት አጥንቷል። አገር ቤት ለሚላከው ሦስት ደቂቃ እንኳ አላጠናንም፤ እኔን ጨምሮ። የእኛ ድርጅቶችም ቢሆኑ ስለ መሣሪያ አንድ የረባ ፖሊሲ ጽፈው አያውቁም። ነገ ሥልጣን ብትይዙ የገበሬውን ጠመንጃ ምን ታደርጉታላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁሉም እኩል ይመዘገባል? ያስረከበ ካሳ ያገኛል? የቀበሌ ታጣቂውም እንደ ገበሬው በዚያው መዝገብ ይገባል? ቶርኖ ቤቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው? እኔ በሁለት ስብሰባ ላይ ጠየቅሁ። በአንዱ «ጊዜው አይደለም» ተባልሁ፣ በሌላው ማይክራፎኑ ተወሰደብኝ።

ከወዳጄ ጋር አልተቀያየምንም። ሽጉጡን መልሶ ቆለፈ፤ ያ የተቀየረ አፈሙዝ የተገጠመበት መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በትልቁ ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ነገርሁት፣ እሺ ብሎ እዚያው ጻፈ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የዚያን ማታ ደምቢያ ደወልሁ። የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ዝም አለ። ከዚያ በሬ ልገዛለት እንደምፈልግ፣ ግን ገንዘቡን ለሱ ሳይሆን ገበያ አብራው ለምትሄደው ለእናቱ እንደምልክ ነገርሁት። ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁንስ ማን ያምነኛል» አለ።

በሬው ተገዛ። አክስቴ ፎቶ አስነስታ ላከችልኝ፤ ቀይ ሳይሆን ጥቁር ነው። እርፉን አሁን በግራ እጁ ይይዛል፤ ጅራፉን የሚያጮኸው የዘጠኝ ዓመት ልጁ ነው።